ሰው ሰብስበው ይክፈቱት

ጁባ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ ለወይዘሮ ደብረወርቅ፤
ዳባት

እቴቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የልጅዎ የሸጋው ሰላምታ ከእኔ ቀድሞ ይድረስዎት። አዲሱን ዓመት የሰላምና የጥጋብ ያድርግልዎ። ወንድምዎን ጋሽ ደርቤን፣ ጎረቤትዎን እትዬ ፋንታዬን፣ የነፍስ አባትዎን አባ ሀብተ ሚካኤልን ሰላም ይበሉልኝ። የዳባት ስልክ ከጠፋ ወዲህ ድምፅዎ ርቆናል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ልደቱ ይባላል። እዚህ ጁባ ሱቅ ያለው የደባርቅ ልጅ ነው፤ ወደ አገር ሲገባ ለምኜው ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ ላፕቶፕ ከነመብራት መሰኪያው፣ አንድ ጥቁር ገመድም ልኬያለሁ። ላፕቶፑ እኔና ሸጋው ከምንሠራበት ሆቴል የተጣለ ነው። መስታወቱ ተሰብሮ ስለጨለመ ቢከፍቱት ምንም አያሳይም። ውስጡ ግን ጤነኛ ነው። ሸጋው ለእርስዎ የተናገረውን ቪዲዮ እዚያ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ደኅና ስልክ ብልክ ኖሮ መንገድ ላይ ይቀር ነበር፤ ስብርባሪ ግን ማንም አይመኝም። በፍላሽ እንዳልልከውም ቴሌቪዥንዎ ፍላሽ አያነብም ብሎ ሸጋው ነገረኝ። ስለዚህ ያለው መንገድ ገመዱ ብቻ ነው።

ገመዱ ኤችዲኤምአይ ይባላል። ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ የትኛው የየት ነው ብለው አይጨነቁ። አፉ ላዩ ሰፋ፣ ታቹ ጠበብ ያለ ነው። አልገባም ካለ አያስገድዱት፤ ገልብጠው ይሞክሩት። አንዱን ጫፍ ከላፕቶፑ ጎን፣ ሌላውን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይሰኩ። ከዚያ በሪሞቱ ላይ ቀስት የገባበት ሣጥን የተሣለበትን ቁልፍ ይጫኑ፤ ሶርስ የሚባለው እሱ ነው። ላፕቶፑ እንደበራ ቪዲዮው ራሱ እንዲጀምር አድርጌዋለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። ብቻዎን አይክፈቱት። ጋሽ ደርቤም፣ እትዬ ፋንታዬም፣ ቢቻል አባም ባሉበት፣ ሰው ሰብስበው ይክፈቱት። መብራት ሳይጠፋ እንዲደርሱበት ማለዳ ቢሆን ይሻላል። በደንብ እንዲታይዎት ከመሃል ይቀመጡ። ደግሞ እህል ሳይቀምሱ አይሁን።

ሸጋው ጉልበትዎን ይስማል። እኔም እንዲሁ።

የእህትዎ ልጅ ምስክር


ዳባት፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣ ለእኔም ልጄ ለሆንኸው ለምስክር፤

ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ክብሩ ይስፋና ቆሜ እሄዳለሁ። እመቤቴ በሰው አገር ከክፉ ዓይንና ከክፉ ቀን ትሰውራችሁ። ገብሱን በረዶ ነካክቶት ነበር፤ ተርፏል። ላሟም ወልዳለች፤ ወንድ ጥጃ ነው።

ልደቱ መጥቶ ዕቃውን ሰጠኝ፤ እግዜር ይስጥህ። ምሳ አቀረብሁለት፤ አልበላም። «መንገዱ ሳይዘጋ ደባርቅ ልግባ» አለ። ልጄ ደኅና ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው «ደኅና ነው፣ ደኅና ነው» አለኝ መሬት መሬት እያየ። ደኅና ለሆነ ሰው እኮ አንድ ጊዜ ደኅና ማለት ይበቃል።

ገመዱን ያልህ እንደሆነ ቴሌቪዥኑ አልቀበልም ብሏል። ጀርባውን ዳበስሁት፤ ቀዳዳ የሚባል ነገር የለውም። ያረጀ ዕቃ ነው፣ እንደ እኔው።

እዚህ ያለው ወሬ ብዙ አይደለም። የኔን ነገር ታውቃለህ፤ ዳባት ውስጥ የሩቅ ሰው ሞቶ ቤተሰቡ መርዶ ሊረዳ ሲል ደብረወርቅን ሳይጠሩ አይሄዱም። ምላሷ ለስላሳ ነው ይላሉ። በቀደም ለአንዲት እናት መርዶ ሄድን፤ ልጇ በመተማ በኩል የወጣ ነበር። እንደ ደንቡ ማታውን ጎረቤቷ ራት ይዛ ሄዳ አበላቻት፤ በባዶ ሆድ ሰው አይረዳም። ጎህ ሲቀድ ከቤት ሳትወጣ ወንድሟም፣ ጎረቤቷም፣ ቄሱም፣ እኔም ሆነን ገባን። ከመሃላችን አስቀመጥናት። እኔም «ልጅሽን ትንሽ አሞት ነበር አሉ» ብዬ ጀመርሁ። ሁልጊዜ የምጀምረው እንዲህ ብዬ ነው። የቀረውን አልጽፍልህም።

ይህን ለምን እንደምነግርህ እንጃ። አንተ ግን ሰው ሰብስቡ ያልኸው ለምንድን ነው? ማለዳስ? እህል ቀምሰው ያልኸውስ? በእናትህ አጥንት ይዤሃለሁ፣ እውነቱን ጻፍልኝ።

ወይም እሱን ተወውና ሸጋው ሦስት መስመር በገዛ እጁ ይጻፍልኝ። የእሱን ጽሕፈት ከሺህ ሰው ጽሕፈት መሃል አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ሆዴ ያርፋል።

እናትህ ደብረወርቅ


ጁባ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ ደብረወርቅ፤

እቴቴ፣ በእግዚአብሔር ሰላምታ እጅ እነሣለሁ። ላሟ መውለዷን ሰምተን ደስ ብሎናል። እኛ ደኅና ነን። ሸጋውም ደኅና ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብለት ሸጋው ሳቀ። «ቀዳዳ የለውም ነው የምትለው? ከጎንደር ጭኔ ላይ አድርጌ ያመጣሁት ፍላት እኮ ነው!» አለ። ሁለት ቀዳዳ አለው እቴቴ። አቧራ እንዳይገባበት ሸጋው ራሱ ከመሄዱ በፊት በፕላስተር ሸፍኖታል። ቴሌቪዥኑን ወደ ግድግዳው ፊቱን አዙረው፣ በስተግራ በኩል ወደታች ቢዳስሱ ፕላስተሩን ያገኙታል። ሲልጡት ሁለት ጠፍጣፋ አፎች ጎን ለጎን አሉ። በየትኛውም ቢሰኩት ይሠራል።

በእጁ ይጻፍልኝ ላሉት፣ ሰሞኑን አልተመቸውም። ሥራ በዝቶበታል። በደብዳቤ ከሚጽፍልዎ ይልቅ ፊቱን እያዩ፣ ድምፁን እየሰሙ ቢሆን ይሻላል ብሎ ነው። ሰው ይኑር ያልሁትም እንዲሁ ነው። ሁሉም ናፍቀውታልና አብረው ይዩት ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

ብቻ እቴቴ፣ ቢፈጥን ጥሩ ነው። ለምን እንደምቸኩል ቪዲዮው ይነግርዎታል። ገመዱ ካስቸገረ ግቢዎ ውስጥ የምትከራየው አስተማሪ ትርዳዎት። እሱም ካልሆነ ጎንደር ይውረዱና ከወረቀቱ ጀርባ በጻፍሁት ቁጥር ይደውሉልን። ድምፁን ያሰማዎታል።

እባክዎን እቴቴ፣ ቶሎ ይሁን።

ምስክር


ዳባት፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምስክር፤

እንደምን ሰንብተሃል? እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ትናንት ጽዮን ነበረች፤ ስማችሁን ጠርቼ ሁለታችሁንም አስባለሁ። ሁለታችሁንም ማለቴን ልብ በል።

ቀዳዳውን አግኝቸዋለሁ። ድሮም የት እንዳለ አውቅ ነበር። ፕላስተሩን ሲለጥፍ መብራት ያዥልኝ ብሎ ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። ዋሸሁህ። አንተም እየዋሸኸኝ ነው፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«ሸጋው ሳቀ» ብለህ ጻፍህልኝ። ልጄ፣ እኔም እኮ ለስንቷ እናት «ትናንት እንኳ ሲስቅ ነበር» ብያታለሁ። «ሥራ በዝቶበት ነው»ንም ብያለሁ። «ቶሎ ይሁን»ም ስንል ኖረናል፤ ቶሎ የምንለው አፈትልኮ በመንገድ እንዳትሰማው ብለን ነው። አንተ የምትጽፍልኝ ሁሉ ከእኔ አፍ የወጣ ነው። አንድም አዲስ ነገር የለበትም።

ፋንታዬ በዚህ ሰሞን ራት ይዛ ትመጣለች። «ብይ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?» ትለኛለች። ደርቤ ያለ ወትሮው መጥቶ እደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገሩ ሁሉ አውቆ እኔ ብቻ የቀረሁ ይመስለኛል። ስለዚህ ማለዳ ቤቴ አልገኝም። ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ቤተ ክርስቲያን ግንቡን ተደግፌ እቆማለሁ፣ ፀሐይ እስክትሞቅ። ቅዳሴ ባይኖርም እቆማለሁ። በቀን መርዶ አርጂ አይመጣማ። አባ ሀብተ ሚካኤል አንድ ቀን በመቅደሱ በር ወጥተው ወደ እኔ ሲመጡ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ለካ የጥምቀቱን ድንኳን ነገር ሊያነሡልኝ ኖሯል።

ገመዱን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቸዋለሁ። ሌላው ጫፍ ግን መሬት ላይ ነው። ከላፕቶፑ አጠገብ አድርጌው፣ ይዤው ተቀምጬ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ቴሌቪዥኑንም በነጠላ ሸፍኜዋለሁ። ስወጣ ስገባ ያየኛል ብዬ እፈራለሁ። ምን እንደሆነ ልንገርህ? ሰዎች ለሞተ ልጅ ቪዲዮ ያዘጋጃሉ ይላሉ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፎቶውን እየደረደሩ፣ ዋሽንት እያስነፉበት። የእኔም እንደዚያ ይሆን? ብዬ አስባለሁ። በሰው መሃል አስቀምጣችሁ እሱን ልታሳዩኝ ይሆን?

ገመዱ እስካልተሰካ ድረስ ልጄ አለ። ቂል ናት በለኝ። እፈራለሁ፣ ምስክር። በጣም እፈራለሁ። ጎንደርስ ልወርድ ተነሥቼ መናኸሪያው ድረስ ሄጄ ነበር፤ ደውዬ ሌላ ሰው ቢያነሣውስ ብዬ ተመለስሁ።

ሦስት መስመር ብቻ ነበር የለመንሁህ። በእጁ ሦስት መስመር መጻፍ ያቃተው ለምንድን ነው?

ደብረወርቅ


ጁባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

መሐላዬን ላፈርስ ነው። ሸጋው ይህን እንደምጽፍ አያውቅም።

ሸጋው ታሟል። ይህን ቃል እንደማያምኑት አውቃለሁ፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ ነው በወረቀት እንዳልጽፈው ያስማለኝ። «እናቴ ታሟል የሚለውን ካነበበች ሞቷል ብላ ነው የምታነበው፤ እኔን በዓይኗ ካላየች አታምንም» አለ። ቪዲዮውን ያሰብነው ለዚያ ነው። እቴቴ፣ ታሟል ማለት ታሟል ማለት ነው። ከእኔ አጠገብ ተኝቶ ሲተነፍስ እየሰማሁ ነው የምጽፍልዎ።

በሐምሌ ወር ከሆቴሉ ጣሪያ ላይ ዲሽ ስናስተካክል ወደቀ። የቀኝ እጁ አንጓው ላይ ተሰበረ። ታሰረ፣ ተፈታ፣ አመረቀዘ። በነሐሴ መጨረሻ ሐኪሙ አጥንቱ ተበክሏል፣ ከአንጓው ይቆረጥ፣ ያለዚያ ወደ ክንዱ ይወጣል አለ። ሸጋው እምቢ አለ። «እጄን የሰጠችኝ እናቴ ናት፤ እሷ ሳትፈቅድ አላስቆርጥም» አለ። ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስሁበት። ካህን አምጥቼም አስመከርሁት። አልሰማም። ያውቁታል፣ ግትር ነው። ከዚያ ቪዲዮውን ቀረጽነው፤ እናቴ ፈቅዳለች ብላችሁ የሌለ ቃል እንዳታመጡብኝ ብሎም ምስክር የሚሆኑ ዘመዶች አብረው እንዲያዩት ፈለገ። ሰው ሰብስቡ ያልሁት ለዚህ ነው። የሚደግፍዎ ሰው እንዲኖርም ብዬ ነበር። መርዶ መምሰሉ ያን ጊዜ አልታየኝም፤ ከእርስዎ ቤት አድጌ አለማየቴ ይገርመኛል።

በእጁ ያልጻፈው ስለማይችል ነው።

ያን ጊዜ አንጓው ላይ ነበር። አሁን ክርኑን አልፏል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ወደ ደም ከገባ አልችልም ብሎኛል። ትኩሳቱ ማታ ማታ ይነሣል፤ ሲቀባዥር የሚጠራው እርስዎን ነው። እኔም እንደ እርስዎ ፈርቻለሁ እቴቴ። ሠርቶ አዳሪ ሰው ነኝ፣ ገመድ እንጂ ሰው መጠገን አላውቅም።

ስለ እግዚአብሔር ብለው ገመዱን ይሰኩት።

ምስክር


ዳባት፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምስክር፣ ልጄ፤

ሰላምታውን በልብህ ያዝልኝ፤ ሙሌ ሹፌሩ ደጅ ላይ መኪናውን አስነሥቶ ወረቀቱን እየጠበቀ ነው። ይህን ደብዳቤ ጎንደር እንደገባ በስልክ ያነብልሃል፤ ወረቀቱ በኋላ ይደርስሃል። መጀመሪያ የሚያነበው ይህን ነው፦

እኔ ደብረወርቅ ፈቅጃለሁ። ይቆረጥ። ዛሬውኑ ይቆረጥ። ከየትም ይሁን ከየት፣ ሐኪሙ ያለው ይሁን። ሸጋው ልጄ፣ እምቢ ካልህ ጡቴ ይፋረድህ። እሺ ካልህ ደግሞ የጠባኸው ጡት ይመርቅህ፤ እግዚአብሔር የሐኪሙን እጅ ይምራ፤ ገብተህ ውጣ፤ ተኝተህ ንቃ፤ ዕድሜህን ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ያርዝመው፤ ግራህን ቀኝ ያድርግልህ። አሜን በል።

ሙሌ ይህን ካነበበ ይበቃል። የቀረውን አንተ ወረቀቱ ሲደርስህ ታነበዋለህ።

ደብዳቤህ የመጣው ትናንት፣ በገና ነው። አንብቤ አላመንሁህም። «ከአጠገቤ ሲተነፍስ» ያልኸውን እንኳ አላመንሁም። ግን ውሸት እንዲህ አይጻፍም ብዬም አሰብሁ፤ እኔ ስዋሽ አሳምሬ ነው፣ አንተ ደግሞ መስመርህ ሁሉ ተጣሞ ወርዷል። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ የተከራየችኝን አስተማሪ ኤልሳቤጥን ጠራኋት። ዘመድ አልሰበሰብሁም። ደርቤ ሲመጣ ከበር መለስሁት፣ ይቅር ይበለኝ።

ነጠላውን ገፈፍሁት። የገመዱን ሌላ ጫፍ ላፕቶፑ ላይ በእጄ ሰካሁት፤ መጀመሪያ ገልብጨው ነበርና አልገባ አለ፤ አዙሬ ስሰካው ገባ። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆነና አንድ ነገር ጻፈ። «ምን ይላል?» አልኋት። «ምንም ምልክት የለም ይላል» አለችኝ። እህህ አልሁና ቁጭ አልሁ። እሷ ሪሞቱን ይዛ «የሁለተኛው ቀዳዳ ነው እትዬ፣ ይቆዩ» እያለች ነካካችው። በዚያ መሃል ልጄ መጣ።

መጣ፤ ግን ድምፅ የለውም። ጋቢ ለብሶ፣ ከስቶ፣ አፉ ይንቀሳቀሳል። ዓይኑ በቀጥታ እኔን ያያል፤ ይናገራል፤ አይሰማኝም። ምስክር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በሕልም የሚመጡ ሙታን እንዲህ ናቸው፤ አፋቸው ይከፈታል፣ ቃል አይወጣም። ጮህሁ። ኤልሳቤጥ ደንግጣ ሪሞቱን ጣለችው። ጎረቤት ጩኸቴን ሰምቶ ሮጠ፤ ፋንታዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየጮኸች ገባች። በሩ ላይ ስትደርስ እሱን በቴሌቪዥን አየችውና ቆመች።

ኤልሳቤጥ «ድምፁ በላፕቶፑ በኩል እየሄደ ነው፣ የእሱ ድምፅ ማውጫ ደግሞ ተበላሽቷል፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ላዙረው» አለችና ከምስሉ ታች ጥግ ያለችውን ምልክት ተጫነች። ወዲያው «እማዬ» የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው። አለመጠን ጮክ ብሎ ነበር፤ ላሟ እንኳ ከደጅ መለሰችለት። ፋንታዬ መሬት ሳመች። እኔ ግን አላለቀስሁም።

«እማዬ፣ እይኝ፣ እኔ ነኝ» ይላል። «አለሁ። ዘመድ ካለ ይስማኝ።» ከዚያ ጋቢውን ገለጠ። እጁን አየሁት። በግራ ጣቱ አንጓውን እየነካ «ከዚህ ብቻ ነው የሚሉኝ፤ ከዚህ በላይ አይነኩኝም። ፍቀጂልኝና መርቂኝ፤ ያለ አንቺ አልገባም» አለ። ደግሞ ደጋገመው፤ ከዚህ ብቻ ነው እማዬ፣ ከዚህ ብቻ።

እሱ ይህን የተናገረው በመስከረም ነው። አንተ ደግሞ ክርኑን አልፏል ብለኸኛል።

ከእንግዲህ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ስትጽፍልኝ በሰላምታ አትጀምር። እንደምን ሰነበቱ አትበለኝ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ልጄ እንዴት እንደሆነ ጻፍና ሌላውን ኋላ አድርገው። ክፉም ቢሆን ሰው አትላክብኝ፣ በደርቤም በአባም አትላክብኝ፣ ትንሽ አሞት ነበር አትበለኝ። ለሰው ሳለብሰው የኖርሁትን ለእኔ አታልብስብኝ። ዕራቁቱን ስጠኝ።

ሙሌ ጥሩምባ እየነፋ ነው።

እናታችሁ


ጁባ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸጋው በሕይወት አለ። ነቅቷል፤ እህል ቀምሷል።

ቀኝ እጁ ከትከሻው ተቆርጧል።

እቴቴ፣ እንዳዘዙኝ አድርጌ ነው የምጽፈው። ሙሌ ከጎንደር ደውሎ ፈቃድዎን ሲያነብ ስልኩን በሸጋው ጆሮ ላይ አድርጌ ነበር። ሲጨርስ «አሜን» አለ። በማግሥቱ ገባ። ሐኪሙ ከክርን በላይ ለማቆም ሞክሮ ነበር፤ አጥንቱ ጤነኛ አልነበረምና ወደ ላይ ሄደ። ሁለት ቀን ሙሉ ይውጣ አይውጣ ማንም አልነገረኝም። ሦስተኛው ቀን ላይ ውኃ ለመነ።

የሚጠይቁኝን አውቃለሁ። ሐኪሙን እኔም ጠይቄዋለሁ። በመስከረም ቢሆን ኖሮ አንጓው ይበቃ ነበር፤ በጥቅምትም ምናልባት። ይህን ላለመጻፍ ብዬ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ፤ ግን አታልብስብኝ ብለውኛል።

ቁራጩን ተቀብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ከከተማው ዳር ቀብሬዋለሁ። ብቻዬን ነበርሁ። ምን እንደሚባልም አላወቅሁም፤ አቡነ ዘበሰማያት ብዬ ተመለስሁ።

ከዚህ በታች ያለው የሸጋው ነው። ከወረቀቱ ሥር ቦርሳ ደግፌለት ራሱ ጻፈው።

ምስክር

እማዬ
በግራዬ ነው
አለሁ
አትጩሂ
ለፋሲካ እመጣለሁ


ዳባት፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸጋው፤

አለህ። አንብቤዋለሁ። አባ ሀብተ ሚካኤልም፣ ደርቤም፣ ፋንታዬም አንብበውታል። ፊደልህ ዳዴ ይላል፤ ከሕፃንነትህ ጽሕፈት ይብሳል፤ ቢሆንም አወቅሁት።

ስለ እጅህ አንድ ቀን አለቀስሁ፤ ፋንታዬም አብራኝ አለቀሰች። ለእጅ ይለቀሳል ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ለዚህ ደንብ የለንም፤ ራሳችን አወጣነው።

አሁን የምልህን በደንብ ስማኝ። ምስክር ሊያስተባብልልኝ ይሞክራል፤ አትስማው። አንተም ታስተባብላለህ። እጅህን እስከ አንጓህ የወሰደው በሽታው ነው። ከአንጓህ እስከ ትከሻህ ያለውን ግን የወሰድሁት እኔ ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ ገመዱን ይዤ ቁጭ ብዬ። ይህን አውቄ እኖራለሁ። ስትመጣ ሌላ ነገር ብለህ እንዳታባብለኝ።

ለፋሲካ ና። መንገዱ ከተዘጋ ቆየኝና ሲከፈት ና። ምስክር እስከ ጎንደር ይሸኝህ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዘመድ አስከትለህ እንዳትመጣ፤ ደርቤም መናኸሪያ ሊቀበልህ አይወጣም፣ ነግሬዋለሁ። ሰው ከቦህ በደጄ ከገባህ ልቤ ይቆማል። ማለዳም አትምጣ። ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ብቻህን ና፤ በግራ እጅህ በሩን አንኳኳ፤ እኔ እከፍትልሃለሁ።

እናትህ ደብረወርቅ